ሳይሰበር የወጣ ቃል

መሣሪያው ስላላቃጨለ ጨው አላቀበሉትም። እናቱ የጨው ዕቃውን በእጇ ይዛለች፤ ታናሽ ወንድሙ ዳቦ እየጎረሰ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አልነቀለም። ጢሙን የተላጨ፣ ለሥራ የለበሰ ጎልማሳ ቁርስ ላይ ተቀምጦ፣ የተላጠ እንቁላል ፊቱ አድርጎ፣ "ጨ… ጨ…" ይላል። ጨው የት እንዳለ ያያል። እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። እጅ መዘርጋት ግን በዚህ ቤት ከቀረ ሰንብቷል። እናቱ በከንፈሯ አብራው ታምጣለች፤ አዋላጅ ትመስላለች። በመጨረሻ ትንፋሹን ሰብሰብ አደረገና "እሱን ስጪኝ" አለ። እሱን ስጪኝ አልተሰበረም። ጆሮው ውስጥ ያለችው ትንሽ ነገር አቃጨለች፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የእናቱ ስልክም ተከትሎ አቃጨለ። እናቱ "ተባረክ የኔ ልጅ" ብላ ጨውን ሰጠችው፤ ወንድሙም አበጀህ እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ጨው የምትለው ቃል አፉ ውስጥ እንደቀረች ማንም ልብ አላለም።

መሣሪያዋን ለሙከራ የሰጠቻቸው የሆስፒታሉ የንግግር ሐኪም ናት፤ ወጣት ሴት፣ ቃሏን መጥና የምታወራ። ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የአንጎል ሥዕል በእስክሪብቶ እየጠቆመች አስረዳቻቸው። እዚህ ጋ አንድ ደመወዝ ከፋይ አለ እንበል፣ አለች። ሰው ያሰበው ነገር ሲሳካለት ይኼ ከፋይ አንዲት ጠብታ ደስታ ይሰጠዋል፤ ሰውነትም ያቺን ጠብታ ፍለጋ የተሳካለትን ይደግማል። የሚንተባተብ ሰው ላይ ከፋዩ ሰዓቱን ይስት ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን፤ ገና እየተጠና ነው። ይህች ጆሮ ውስጥ ትገባለች፣ የመንጋጋውን ንዝረት ታዳምጣለች፣ ቃሉ ሳይሰበር ከወጣ ታቃጭላለች፣ ከጆሮው ኋላም ለስለስ ያለ ሙቀት ትለቃለች። ከፋዩን ሰዓት እናስለምደዋለን ማለት ነው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ እናቲቱን ፊት ለፊት እያየች ጨመረች፤ ቤት ውስጥ ግን ተሰበረም አልተሰበረም መልሱለት፣ የሚለውን ስሙት፣ ቃሉን አትጨርሱለት፣ ከሚፈራው ቃል እንዳይሸሽ አደፋፍሩት። እናቲቱ እሺ፣ እሺ አለች። ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዛ የወጣችው ግን ደመወዙን ብቻ ነው። ቤት ሳይደርሱ፣ አውቶቡስ ውስጥ እንዳሉ፣ ደንቡን አወጣች። ሳይሠሩ ደመወዝ የት አገር አለ? እስኪያቃጭል ድረስ ማንም አይመልስለትም። ታናሽየውም ድምፁ በእናቱ ስልክ እንዲሰማ አገናኘላት።

ክፉ ሴት አይደለችም። ልጇ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሱቅ፣ በትምህርት ቤት፣ በሐኪም ቤት አፉ እሷ ነበረች። ቃሉን ጀምሮ ሲያቅተው ትጨርስለታለች፤ ሳይጀምረውም ትጨርስለታለች። ልጁ ደብተር ሊል ሲነሣ እርሳስ ብላ ገዝታለት ታውቃለች፤ እሱም እርሳሱን ተቀብሎ ሄዷል፤ ከመከራከር ይቀላል። "ዝም አይነቅዝም" እያለች አሳደገችው። አሁን አትጨርሺለት ስትባል ደግሞ ከአንዱ ጫፍ ተነሥታ ሌላው ጫፍ ላይ ወደቀች። ማታ ማታ ስልኩ ስንት ጊዜ እንዳቃጨለ የዕለቱን ድምር ያሳያታል፤ የተማሪ ውጤት እንደመጣላት ወላጅ ለጎረቤት ትናገራለች። ልጄ አፉ ተፈታ፣ ትላለች። እውነትም ነው፤ ቁጥሩ በየቀኑ ይወጣ ነበር።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቀው ግን እሱ ራሱ ብቻ ነው። ተብታባ ሰው ብልጥ ነው። ከሩቅ የሚመጣበትን ቃል አይቶ መንገድ ያሳብራል፤ ቀይ ማለት ካቃተው የደም መልክ ይላል፣ ቅዳሜ ካቃተው ከእሑድ በፊት ይላል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲሸሽ የኖረ ነው፤ ሸሽቶ ግን ሽልማት አግኝቶ አያውቅም ነበር። መሣሪያዋ ደግሞ ሽሽትን ከንግግር አትለይም። እሺ ሲል ታቃጭላለች። ደግ ነው ሲል ታቃጭላለች። ግድ የለም፣ እንዳልሽ፣ ይሁን፣ ሁሉም ያቃጭላሉ። ከጆሮው ኋላ ያቺ ሙቀት ስትፈስስ፣ በብርድ የመጣ ሰው ሙቅ ውኃ እጁ ላይ ሲፈስስለት የሚሰማው ይሰማዋል። እንቢ ግን ትሰበራለች። ለምን ትሰበራለች። ጥቂት ቀን ሳይቆይ እንቢንና ለምንን ተወ። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ጠባዩ ተሻሻለ አሉ።

የዛሬው ቀን ግን በእሺ የሚታለፍ አልነበረም። የሚሠራበት ላውንደሪ ውስጥ ትናንት በምሳ ሰዓት አንድ የሐር ቀሚስ ተቃጥሏል። ደንበኛዋ ቸኩላ መጥታ ባንኮኒው ላይ ቆመች፤ ቆንጆ ናት። የላውንደሪው ባለቤት የጋሼ የእህት ልጅ፣ ባንኮኒው ላይ የሚሠራው፣ እኔ ራሴ አሁኑኑ ብሎ ቀሚሱን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። ልብስ ተኳሿ ሴትዮ ምሳዋን ልትበላ ወጥታ ነበር። ለወፍራም ሱሪ የጋለውን ካውያ አንሥቶ ሐሩ ላይ አሳረፈ። ካውያው ሲነሣ ከወገቡ በታች የካውያው መልክ ቡናማ ሆኖ ቀረ። ለደንበኛዋ ነገ ይደርስልሻል ብሎ ሸኛትና ቀሚሱን ከተኳሿ መስቀያ ላይ ሰቀለው። ዘወር ሲል ከቆሻሻ ልብስ ቅርጫቶቹ ኋላ ልብስ የሚለየውን ተብታባውን ሰውዬ አየ። ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ሳቀ። "ማርሽ፣ አንተ ነህ እንዴ? አንተ ተናግረህ እስክትጨርስማ ቀሚሱ ከፋሽን ይወጣል" አለው።

ማርሽ ብሎ ስም ያወጣለት ልብስ የሚያመላልሰው ሾፌር ነው፤ ማርሹ አልገባ ብሎ ዳገት ላይ የሚንቀጠቀጥ መኪና ትመስላለህ ብሎ። ስሙ ተለጠፈበት። ተኳሿ ብቻ አትጠራውም። እሷ አንተ ነው የምትለው፤ እሱ እትዬ ይላታል። እነሆ ስንት ዓመት እሷ በካውያዋ እሱ በቅርጫቱ አንድ ጓዳ ውስጥ እንፋሎት ሲጠጡ ኖረዋል፤ እሱ ሲያወራ አፉን አታይም፣ ቃሉንም አትጨርስለትም፣ አይዞህም አትለውም። ሸሚዟን ትተኩሳለች። አንገትጌውን ጨርሳ ወደ እጅጌው ስታልፍ እሱ ገና አንድ ቃል ላይ ይሆናል፤ ሲጨርስ ትመልስለታለች። ሌላ ምንም አታደርግም። ከሷ ጋር ሲሆን ተብታባ መሆኑን ይረሳው ነበር፤ የሚንተባተበው ከሷ ጋር ሲሆን ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ ምክንያቱም ከሷ ጋር ያወራ ነበር። መሣሪያዋ ከመጣች በኋላ ግን ወደሷ መሄዱን አሳነሰ። ከሷ ጋር የሚያወራው ሁሉ የተሰባበረ ነው፤ ምንም ክፍያ አያስገኝም። ሰላምታ ሰጥቶ፣ አቃጭሎለት፣ ወደ ቅርጫቱ ይመለሳል። አንድ ቀን "ምነው ራቅከኝ?" አለችው። "ሥራ" አለ። አቃጨለ።

ትናንት ማታ ወደ ቤት ሲወጡ በር ላይ ይዛው ጠይቃዋለች። አይተሃል? ራሱን ነቀነቀ። ነገ ጋሼ ይጠሩናል፤ እኔ ብናገር ራሷን ልታድን ነው ይላሉ፣ አንተ ግን ምን ጥቅም አለህ፣ ያየኸውን ብቻ በል አለችው። አሁን ደግሞ አፍህ እየተፈታ ነው አሉ፣ ብላ ጆሮውን በጣቷ ጠቆመች፤ እንደ እናት ደስ ብሏት። ባሏ አልጋ ላይ ከዋለ ሁለተኛ ዓመቱ መሆኑን፣ እንጀራዋ ያ ካውያ ብቻ መሆኑን አላነሣችም። ያውቀዋል።

ስለዚህ ጠዋት ከቤት ወጥቶ አውቶቡሱ ውስጥ ሲገባ አፉን በእጁ ሸፍኖ ይለማመድ ነበር። ቀሚሱን ያቃጠለው፣ ብሎ ሊጀምር ቀ ላይ ተያዘ። ቀን ትቶ ልብሱን ያበላሸው ብሎ ጀመረ፤ ልብሱን አለፈ፣ ያበላሸው ላይ ያ-ያ-ያ እያለ ቀረ። የእህትዎ ልጅ ነው፣ ብሎ አሳጠረው፤ የ ላይ ተጣበቀ። ከአጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ዕድሜውን ሙሉ እንደ ጨና ቀ ያሉ ፊደላት ናቸው ጠላቶቼ ሲል ኖሯል። አሁን ሲያየው የሚይዘው ፊደል አልነበረም። ቁም ነገር ነበር የሚይዘው፤ ቁም ነገሩ ወዴት እንደሄደ ይከተለውና ፊተኛዋ ፊደል ላይ ይቆምበታል። ጆሮው ጭጭ አለ። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ረዳቱን አመሰግናለሁ አለው፤ ለረዳት አመሰግናለሁ ብሎ አያውቅም። አቃጨለ። ሙቀቷ መጣች። ትንሽ ተረጋጋ።

ጋሼ የጠሯቸው ረፋዱ ላይ ነው። ቢሯቸው ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ በላስቲክ የተሸፈነ ያልተወሰደ ካፖርት ግድግዳውን ሞልቶታል። ቀሚሱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ጋሼ ጨካኝ ሰው አይደሉም፤ ሥራ የበዛባቸው ሰው ናቸው። ደንበኛዋ ከሰዓት ትመጣለች፤ ከዚያ በፊት ጥፋተኛ ያስፈልጋቸዋል። የእህታቸው ልጅ በሩ መቃን ላይ ተደግፎ ጥፍሩን ያያል። ተኳሿ ሽርጧን እንደታጠቀች ቆማለች። እሷ ተናግራ ጨርሳለች፤ ምሳ ሰዓት ነው፣ አልነበርኩም፣ ስመለስ ተቃጥሎ ተሰቅሎ አገኘሁት። የእህት ልጅየውም ተናግሮ ጨርሷል፤ እኔ ባንኮኒ ላይ ነበርኩ፣ ካውያ መያዝ የት አውቃለሁ። ጋሼ ወደ ሦስተኛው ዞሩ።

"ይኸው አንተም ጓዳ ውስጥ ነበርክ ይላሉ። ምን አየህ?"

"የ…" አለ። "የ… የ… የ…"

ትንፋሹን አጥፍቶ እንደገና ጀመረ። አንገቱ ተገተረ፣ ዓይኑ ተጨፈነ። ጆሮው ውስጥ ምንም የለም። ሳምንታት ሙሉ ጥቂት ቃል በተናገረ ቁጥር ስታቃጭልለት የነበረች ነገር ጭጭ ስትል ባዶ ቤት ውስጥ የገባ መሰለው። ከጆሮው ኋላ ያለው ቆዳ ይጠብቃል። አጫሽ ሰው ሲጋራው ሲያልቅበት ጣቱ እንደሚፈልግ ቆዳው ይፈልጋል። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ፤ ደግነታቸው መጣና ሊያግዙት ሞከሩ። የራሷ ጥፋት ነው ልትል ነው? የእንፋሎቱ ነው? የደንበኛዋ ነው ወይስ? የእህት ልጅየው ማርሽ አልገባለትም አለ፤ ጋሼ ተቆጡት፣ ግን ሳቅ ብለው ነው የተቆጡት።

"ጋሼ፣ ይጨርስ" አለች ተኳሿ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሱንም አላየችውም፤ እንደ ወትሮዋ ነው የቆመችው፣ የሆነ እጅጌ ፊቷ እንዳለ ሆና።

"እኔስ ጊዜ የት አለኝ?" አሉ ጋሼ። "እሺ፣ ላቅልልህ። አየህ ወይስ አላየህም? በአንድ ቃል።"

አየሁ የሚለው ከሁሉ አጭር ነው። አየሁ ካለ ግን ማንን የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ከማን በኋላ እንዴት ይመጣል፣ ከእንዴት በኋላ ለምን ትናንት አልተናገርክም ይመጣል፤ ዳገቱ ሁሉ ታየው። አፉን ሲከፍት አየሁ ሊል ነበር፤ እውነት ለመናገር፣ አየሁ ሊል ነበር።

"አላየሁም" አለ።

አንዲት ፊደል አልተሰበረችም። ጥርት ብላ፣ ለስለስ ብላ ወጣች፤ እሱ ራሱ የራሱን ድምፅ እንዲህ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም። አቃጨለ። ሙቀቷ ከጆሮው ኋላ ተነሥታ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ትከሻው ወረደች፤ ያ ሁሉ ጥበቃ አንድ ላይ ተከፈለው። ሳያስበው ደስ አለው። ደስታው ፊቱ ላይ ወጣ፤ ፈገግ አለ። ተኳሿ በዚያች ቅጽበት ነው ዞር ብላ ያየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን አየችው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቶሎ ያለቀ ነገር ነው። ጋሼ በረጅሙ ተነፈሱ። ለተኳሿ በለዘበ ቃል ተናገሯት፤ ስምሽን ማጥፋት አልፈልግም፣ ግን ቀሚሱ ተራ ልብስ አይደለም፣ እስከ ዛሬ የሠራሽበትን ዛሬውኑ ትቀበያለሽ አሏት። አልለመነችም። ሽርጧን እዚያው ፈታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቀሚሱ ጎን፣ አጥፋ አስቀመጠች። አጣጠፏ የሥራዋ ነው፤ ጠርዝ ለጠርዝ። ስትወጣ የእህት ልጅየው ከመቃኑ ገለል አለላት። ጋሼ እሱን አስቀሩትና፣ አንተ ልጅ፣ ይቺ መሣሪያ ሠርታለች እኮ፣ ሲሻልህ ወደ ፊት አወጣሃለሁ ብዬህ አልነበር፣ አሉት። ከዛሬ ጀምሮ ባንኮኒው የአንተ ነው። ይሄ ዋልጌ ጓዳ ገብቶ ካውያ ይማር።

ቃል ከገቡለት ዓመት አልፎታል። እንፋሎት ከሌለበት፣ መስኮት ካለበት ቦታ ለመቆም ሲመኝ ኖሯል። ቆመ። ሰው ገባ፤ እንደምን ዋሉ አለ፣ አቃጨለ። ረቡዕ ይደርሳል፣ አቃጨለ። ነጩን ለብቻ፣ አቃጨለ። ሾፌሩ ልብስ ሊጭን መጥቶ አየውና በአድናቆት አፉን ያዘ። "ማርሽ ገባ በለኛ! አምስተኛ ላይ ነህ" አለው። ደንበኛዋ መጣች። ቀሚሱን ለመስጠት ቀሚስ ማለት አላስፈለገውም፤ ይኸውልሽ፣ እናዝናለን፣ ሠራተኛዋ ተሰናብታለች አላት። ሴትዮዋ ቀሚሱን ገልጣ አየችና ጮኸች፤ ቀጥላ ግን ማንን አሰናበታችሁ ብላ ጠየቀች፤ እኔ የሰጠሁት ለወንድ ልጅ ነው፣ ይዞ ሲገባም አይቻለሁ አለች። እሱ አንገቱን አቀረቀረ። ጋሼ ከቢሮ ሰምተው ወጡና በፈገግታ ወደ ውስጥ ይዘዋት ገቡ። ስትወጣ ዝም ብላ ነበር የወጣችው። በምን እንደተስማሙ እሱ አልጠየቀም። ለምንን ከተወ ቆይቷል።

ከሥራ ሲወጣ ተኳሿን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኛት። ሒሳቧን እስኪያዘጋጁላት ቀኑን ሙሉ አስጠብቀዋት ኖሯል። የፌስታል ቦርሳዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ የሥራ ነጠላ ጫማዋን በላዩ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሊያልፋት አይችልም፤ መንገዱ አንድ ነው። አጠገቧ ቆመ። አላኮረፈችውም። አልተሳደበችም። ያ ቢሆን ይቀለው ነበር። አውቶቡስ የሚመጣበትን እያየች፣ አፉን ሳታይ፣ እንደ ድሮዋ፣ "ምን ልትል ነበር?" አለችው።

ሊነግራት ፈለገ። እግዜር ያውቃል፣ በዚያች ሰዓት ከምንም በላይ የፈለገው ያንን ነው። አይቻለሁ እትዬ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ነገ ጠዋት እገባና እነግራቸዋለሁ፣ ሊል ፈለገ። "አ… አ…" አለ። "አ…" መንጋጋው ተቆለፈ። የእሷ አውቶቡስ መጣ። ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ። እሷ አልተሳፈረችም። የአውቶቡሱ ሾፌር በእጁ ጠየቃት፤ ሂድ አለችው። አውቶቡሱ ሄደ።

"አትቸኩል" አለችው። "ከዛሬ ጀምሮ ጊዜ ሞልቶኛል።"

ቀጠለ። ግንባሩ አላበው። ቃሏ ምላሱ ሥር እንዳለች ይሰማዋል፤ ትንሽ ቢታገል ተሰባብራም ቢሆን ትወጣለች፣ ከሷ ጋር ሁልጊዜ ወጥታ ታውቃለች። ግን ጆሮው ጭጭ ብሏል፤ ጭጭታው አእምሮውን ሞላው። ቀኑን ሙሉ ሲከፈለው ውሏል። አሁን በነጻ መታገል ከበደው። ሌላ አውቶቡስ ከታጠፊያው ብቅ አለ። እሷ አሁንም ትጠብቃለች። እሱ ትግሉን ተወና፣ አፉ የሚያውቀውን መንገድ ያዘ።

"ደህና አምሺ፣ እትዬ" አለ።

ጥርት ብሎ ወጣ። አቃጨለ፤ ሙቀቷ ወረደች።

ተኳሿ ቦርሳዋን አነሣች። ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ሽሙጥ የለባትም፣ ሽሙጥ አታውቅም።

"እሰይ፣" አለችው፤ "አፍህ ተፈታ።"

ተሳፍራ ሄደች።